የቀዩ ቁልፍ ክዳን

ሐሙስ

የልብስ ማጠቢያው ቦይለር ፈነዳ። ልጄ ቦይለር ቤቱ ውስጥ ነበር።

እዚህ ቤት ሆኜ ሰማሁት። የወንበር እግር በመላጊያ እያለሰለስኩ ነበር። መጀመሪያ መሬቱ ከጫማዬ ስር ተንቀጠቀጠ፣ ቀጥሎ ድምፁ መጣ፣ ከዚያ የመስኮቱ መስታወት ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ዕድሜዬን ሙሉ እንዳይመጣ ስጠብቀው የኖርኩት ድምፅ ነው። መላጊያውን እንደያዝኩ ሮጥኩ።

ያወጡት በአንሶላ ነው። የሆቴል አንሶላ፣ ገና ከማጠቢያው የወጣ፣ እርጥብና ነጭ። አራት ሴቶች አራቱን ጫፍ ይዘው። ስሙን ጠራሁት፣ ዞር አላለም። ሸሚዙና ቆዳው የቱ የቱ እንደሆነ

ይበቃል።

ቦይለር ቤት ሳለሁ የዕለቱን ውሎ መጻፍ ልማዴ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የምጽፈው ጠፍቶ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበቴ ሕመም ስጽፍ ከርሜአለሁ። ዛሬ የምጽፈው አገኘሁ።


አርብ፣ ሆስፒታል ኮሪደር

አላስገቡኝም። ፊቱ፣ ደረቱ፣ ሁለቱም እጁ። ቀኝ እጁ የባሰ ነው። ዓይኑ ተርፏል ይላሉ።

ምራቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ተቀመጪ ብላት አትቀመጥም። እኔም ቆምኩ።

የማጠቢያው ሥራ አስኪያጅ ብርቱካን ይዞ መጣ። አፉ በፋሻ ለተጠቀለለ ሰው ብርቱካን። አንዲት ልብስ የምትተኩስ ሴት አንገቷን ለብለብ ካደረጋት በቀር ሌላ ሰው አለመጎዳቱ ተመስገን ነው አለኝ። ሌላ ሰው። ብርቱካኑን ለበር ጠባቂው ሰጠሁት፣ እሱ ቢያንስ አፍ አለው።


እሁድ

ዛሬም አላስገቡኝም። ቤት ተቀምጬ ወደ ልብስ ማጠቢያው እመለከታለሁ። ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚለየን። የእንፋሎቱን ፉጨት ስሰማ ነው እንቅልፌ የሚወስደኝ፣ የሚቀሰቅሰኝም እሱ ነው። አሁን ጸጥ ብሏል። ቤቱ ጆሮው የተደፈነ ይመስላል።

ያ ቦይለር የገባ ሰሞን ነው እኔም እዚያ የገባሁት። ማንም አላስተማረኝም። ፊደል የለየሁት እንኳ ዕቃ ከተጠቀለለበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። መካኒኮች መጥተው ሄደዋል፣ አስኪያጆች መጥተው ሄደዋል። እኔ ቆሜያለሁ። የሆስፒታሉም የሆቴሎቹም አንሶላ በእኔ እንፋሎት ደርቆ፣ በእኔ እንፋሎት ተተኩሶ ወጥቷል። ሥራ ሳያልቅ እሳት በእጄ ጠፍቶ አያውቅም። አንድም ቀን። ይህን የሚክድ ካለ ይምጣ።

ለልጄ ሳስረክበው ብዙ አላወራሁም። እሳቱን እንዳታሳፍረኝ አልኩት፣ ሌላ አላልኩም።

አሳፈረኝ።

ይህን ቃል ልሰርዘው ነበር። ከተጻፈ ተጻፈ። እኔ ሰርዤ አላውቅም።


ማክሰኞ

ከመንግሥት መርማሪ መጣች። ቁመቷ አጭር፣ ጫማዋ የወንድ ጫማ። ሥራ አስኪያጁ እንድመጣ አስጠርቶኝ ስለነበር ቆሜ አየኋት። አንድ ነገር ትሳሳታለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተሳሳተችም።

ጣሪያው የለም። የቦይለሩ ሆድ ወደ ውስጥ ጎድጉዶ ተቀዷል። እሳቱ ከሚነድበት ትልቅ ቧንቧ አናት ላይ ብረቱ ሰማያዊ ሆኗል። ጣቷን እዚያ ላይ አደረገችና ውሃ አልቆበት በደረቁ ሲነድ ቆይቷል፣ ከዚያ በጋለው ብረት ላይ ውሃ ተለቀቀበት አለች። ልክ ናት። ልክ መሆኗ ነው ቆሽቴን ያሳረረው።

ውሃ የሚያስገባው ፓምፕ ሲያነክስ ሰንብቶ ነበር ብዬ ተናገርኩ። ልጄ ለሥራ አስኪያጁ እንደነገረው፣ ሥራ አስኪያጁም በኋላ በኋላ ሲል እንደከረመ ሁሉንም አፍርጬ ተናገርኩ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀችና እሺ፣ ፓምፑ ውሃ አልሰጠም እንበል አለች። ቦይለረኛው የውሃውን ልክ በሚያሳየው መስታወት ላይ ውሃው ማለቁን አይቷል፣ ሴቶቹን አስወጥቷልና። አይቶ ሳለ ለምን እሳቱን አጥፍቶ አልተወውም? ለምን ተጠባባቂውን ፓምፕ አስነስቶ ውሃ ለቀቀበት?

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ።

ከበሩ አጠገብ ያለው ግድግዳ አልወደቀም። ሲጫኑት ማቃጠያውን ቀጥ የሚያደርገው ቀዩ ቁልፍ እዚያው ላይ አለ። በላዩ ላይ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ክዳን በአንድ ምስማር ተንጠልጥሏል። ጥቁር ሆኗል እንጂ አልወደቀም። በጣቷ ገፋ አድርጋ ቁልፉን አየች፣ ለቀቀችው፣ ክዳኑ ተመልሶ ሸፈነው።

"ይህን ማን ነው የሰቀለው?" አለች።

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛዋ እኔን አየችና ዓይኗን ሰበረች። መርማሪዋ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። እኔን ለይታ አልጠየቀችኝም። ያልተጠየቅኩትን መመለስ ልማዴ አይደለም።

ክዳኑ ለንጽሕና ነው። ዘይት የነካው እጅ ቁልፉን እንዳያበላሸው።


ረቡዕ

ዛሬ አስገቡኝ። አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። አየኝ። ምን ልበለው? በርታ አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ።


ቅዳሜ

ከጭኑ ቆዳ ገፈው ቀኝ እጁ ላይ ለጠፉለት። አሁን ጭኑም ቆሰለ። ይይዛል ወይስ አይዝም፣ ገና ነው። ፋሻ በሚቀይሩበት ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር። እሱ አይጮህም፣ ሌሎቹ ናቸው የሚጮሁት። የእኔ ልጅ ነው ብዬ ኮራሁ። ቀጥሎ ምን ያኮራል አልኩ።


ሰኞ

አንገቷ የተቃጠለው ሴት ልትጠይቀው መጣች። ሴቶቹ ካውያ ይሏታል፣ ሥራዋም መተኮስ ነው፣ ምላሷም ያቃጥላል። አንገቷ ላይ ፋሻ፣ በፋሻው ላይ ሻርፕ። ገና ከሩቅ አይታኝ ጀመረች፤ ባሌን ዕድሜ ልኬን ሻርፕ ግዛልኝ ስለው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኝ ነበር፣ ይኸው ሐኪም በነፃ ጠመጠመልኝ አለችኝ። ምራቴ ሳቀች። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ስትስቅ ማየቴ ነው። ለዚህ ብቻ ስል ካውያን ይቅር አልኳት፣ ድሮ ብዙ አቃጥላኛለችና።

ምራቴ ወደ ውስጥ ስትገባ ካውያ ሳቋን አቆመች።

ልጄ ከቦይለር ቤት እየሮጠ መጥቶ ሁላችሁም ውጡ እንዳላቸው ነገረችኝ። ይህንን አውቃለሁ። አንሶላውን እንደያዙ ሊወጡ ሲሉ ጣሉት ብሎ ከእጃቸው ነጠቃቸው። ይህንንም ሰምቻለሁ። ከዚያ ግን ያልሰማሁትን ነገረችኝ።

"ጋሼ፣ እሱም ወጥቶ ነበር እኮ። ከእኛ ጋር ግቢው ውስጥ ቆሞ ነበር።"

"ወጥቶ ነበር?"

"ወጥቶ ነበር። ወደ ጭስ ማውጫው ቀና ብሎ አየ። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ተመልሶ ገባ። እኔ ነኝ ወዴት ነው ብዬ ተከትዬው በሩ ድረስ የሄድኩት፣ ይህን አንገት ያገኘሁት እዚያ ነው።"

"ምን ሊያደርግ ተመለሰ?"

"እሱን እርስዎ ነዎት የሚያውቁት" አለችኝ።

ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። ሴትዮዋ ነገር መጠምዘዝ ትወዳለች።


ሐሙስ

ዝናብ። የመስኮቱን መስታወት አሰራሁ። ልብስ ማጠቢያው ግቢ ውስጥ ፍርስራሹን እየጫኑ ነው። ከብረቱ ውስጥ ጥሩ ጥሩው እንኳ ለቁራሌው እየሄደ ነው። ሄጄ ልቆጣቸው ነበር። ጉልበቴ አመመኝ።

ወጥቶ ከነበረ ለምን ተመለሰ? ኮቱን ረስቶ ይሆናል።


እሁድ

ወደ ቤት መጣ። እኔ ክፍል ውስጥ ተኛ፣ ብርሃን ያለው እሱ ነው። እኔ ሳሎን።

ፊቱን ማየት ለመድኩ። ከንፈሩ ወደ አንድ ጎን ተስቧል፣ የሚያሾፍ ይመስላል። ልጅ ሆኖ አሹፎ አያውቅም ነበር።


ማክሰኞ

የእጅ እንቅስቃሴ የምታሠራው ነርስ ቤት ድረስ መጣች። ጉዳዩን በቀጥታ ነገረችን፣ ይህን ወደድኩላት። አዲሱ ቆዳ ሲድን ይጨማደዳል፣ ሲጨማደድ ጣቶቹን ወደ መዳፉ ይጎትታል። ጠዋትና ማታ ቅባት ተቀብቶ እያንዳንዱ ጣት መዘርጋት አለበት። ካልተዘረጋ እጁ እንደተጨበጠ ይቀራል፣ ለዘላለም። ያማል፣ በጣም ያማል፣ ግን መተው አይቻልም። ሌላ ጊዜ አይገኝም፣ አሁን ነው።

ምራቴን አሳየቻት። ምራቴ አውራ ጣቱን ይዛ ገና ሳብ ስታደርገው ልጄ እስትንፋሱን ዋጠ። እሷ ለቀቀችው። ደግማ ሞከረች። እንባዋ እጁ ላይ ጠብ አለ፣ እንባውም ሳይቆጠቁጠው አይቀርም።

ነርሷ ዞር ዞር ብላ አየች። "እዚህ ቤት ጨካኝ ሰው የለም?" አለች።

ምራቴ ወደ እኔ አየች። ልጄም ወደ እኔ አየ። ማንም አልሳቀም።

እጄን ታጠብኩ።


አርብ

ሥራ አገኘሁ። ጠዋት ማታ። እሱ ግድግዳውን እያየ ይቀመጣል፣ እኔ እጁን ትራስ ላይ አድርጌ ከአውራ ጣቱ እጀምራለሁ። ቫልቭ መክፈት ነው። በጉልበት ያሉት ቫልቭ ይሰበራል፤ ቀስ ብሎ፣ እስኪለቅ እየጠበቁ፣ ለቀቅ ሲል ያገኙትን ይዞ መቆየት ነው። ይህን ድሮም አስተምሬዋለሁ። ዛሬም ሳይታወቀኝ "ቀስ፣ ቀስ፣ ይለቃል" እያልኩ ነበር፣ ለቦይለሩ እንደምለው።

ላቡ ይንቆረቆራል። አንድም ቀን በቃኝ አላለም። እኔም በቃህ አላልኩትም።

ትንሿ ጣት ታስቸግራለች። ቢሆንም ትመጣለች።


ረቡዕ

ሦስቱ ጣቶች ሊዘረጉ ነው። አራተኛዋም ፈቀቅ ብላለች። ነርሷ አይታ ማን ነው የሠራው አለች። ምራቴ "አባባ ናቸው" ስትል ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበረ። ከዚህች ልጅ እንደዚህ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።

ልጄ ማንኪያ ይዞ በላ። ሲያነሳው ግማሹ ፈሰሰ። ማንም እንዳላየ ሆንን።


ሰኞ

ሥራ አስኪያጁ መጣ። ብርቱካን አልያዘም፣ ተምሯል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አዲሱ ቦይለር ገብቷል፣ ትንሽ ነው ግን ዘመናዊ ነው፣ አዲስ ቦይለረኛም ቀጥረናል አለ። ቀጠለና "ጋሼ፣ ሰውየው ልምድ የለውም። እርስዎ መጥተው እስኪለምድ ቢያሠለጥኑልን። እንደ ድሮው። በእርስዎ እጅ አንድም ቀን እሳት ጠፍቶ አንሶላ አድሮብን አያውቅም" አለ።

ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ትንሽ ላስብበት ልል ነበር፣ አፌ እሺ አለ። የቦይለር ቤቱን ሥርዓት በዝርዝር እያወራሁት ደጅ ድረስ ሸኘሁት። ስለ ራሴም ሳልናገር አልቀረሁም።

ስመለስ ልጄ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

ማታ እጁን አምጣ ስለው አላመጣም። ደክሞት ይሆናል።


ማክሰኞ

አላመጣም።


ረቡዕ

እጁን ከብርድ ልብሱ ስር ደብቋል። እንደ ሕፃን። ምራቴ ለመነችው። ነገ እሺ ትለኛለህ ብላ በጥፍሯ እየተራመደች ወጣች። እኔ አልለምንም። ለምኜ አላውቅም።

ወንበሩን ጠርቤ ጨረስኩ። አንዱ እግር አጠረ። ወንበር ተበላሽቶብኝ አያውቅም።


እሁድ

ነርሷ መጣች። ብርድ ልብሱን ገልጣ እጁን አይታ ተቆጣች፣ እኔን ነው የተቆጣችው። ትንሿና ቀጥላ ያለችው ተመልሰው ታጥፈዋል። ቆዳው ጠንክሯል። አራተኛዋን እንኳ፣ ይዘናት የነበረችውን፣ ለቀቅናት። ለምን አቆማችሁ? ይህ ሳምንት እኮ የሚተካ አይደለም አለችኝ።

እሱን ጠይቂው አልኳት። ጠየቀችው። ብርድ ልብሱን መልሶ እጁ ላይ ጎተተ። ምራቴ ያየችው እኔን እንጂ እሱን አይደለም።

እዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም የሚያውቀው፣ እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር ያለ ይመስላል።


ያው እሁድ፣ ማታ

ልተኛ አልቻልኩም፣ ስለዚህ እንደሆነው እጽፈዋለሁ።

ነርሷ ከሄደች በኋላ ቅባቱን ይዤ ገባሁ። ምራቴ በሩ ላይ ቆመች። እጅህን አምጣ አልኩት።

"አትንካኝ።"

"ይድረቅ ነው የምትለው?"

"ይድረቅ። አንተን ምን ቸገረህ? አዲሱን ሰው ልታሠለጥን አይደል የምትሄደው? ምንድን ነው የምታስተምረው?"

"ሥራውን።"

"እኔን ያስተማርከኝን?"

አዎ አልኩት።

ወደ እኔ ዞረ። ያ የተሳበ ከንፈሩ ሲናገር ይንቀጠቀጣል፣ ቃሎቹ ግን እያንዳንዳቸው ጥርት ብለው ነው የወጡት።

"መስታወቱ ባዶ ነበር። አየሁት። ሴቶቹን አወጣሁ፣ እኔም ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ቆሜ ምን እንደታየኝ ታውቃለህ? ሞት አልታየኝም። የአንተ ፊት ነው የታየኝ፣ እራት ላይ። እሳቱን ላጠፋ ተመለስኩ፣ አባባ። እውነቴን ነው፣ ላጠፋ ነው የተመለስኩት። ክዳኑን ነክቼው ነበር። ጣቴ ላይ እስካሁን ይሰማኛል። ከዚያ እጄ ክዳኑን ለቆ ወደ ተጠባባቂው ፓምፕ ሄደ።"

"በጋለ ብረት ላይ ውሃ መልቀቅ ምን እንደሆነ አስተምሬሃለሁ" አልኩት። ሌላ ነገር ማለት ነበረብኝ። የመጣልኝ ግን ይህ ነው።

"አስተምረኸኛል። ሁለቱንም አስተምረኸኛል። አንደኛው በለጠ።"

ምራቴ ማልቀስ ጀመረች። ቅባቱን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። ያ ያጠረው እግር ወንበሩን አዘነበለው፣ ቅባቱ ወደቀ። ማንም አላነሳውም።


ሰኞ

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ገና ረዳቴ ሳለ አንድ ቀን እኔ ዕቃ ልገዛ ወጥቼ ድምፅ ሰማሁ ብሎ ቀዩን ቁልፍ ተጫነ። ድምፁ ቧንቧ ውስጥ የተኛ ውሃ ነበር፣ ምንም አልነበረም። የትልቁ ሆቴል አንሶላ ሳይደርቅ አደረ። ሴቶቹ ሳቁብኝ። እኔ ልጄን አልመታሁትም፣ አልሰደብኩትም። አላናገርኩትም፣ ያ ብቻ ነው። እራት ላይ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አላስታውስም። ምራቴ አዲስ ሙሽራ ነበረች፣ እሷ ታስታውሳለች።

በማግስቱ ክዳኑን ሰቀልኩ።

አባት ልጁን ቢገሥጽ ወንጀል ነው? የእኔ አባት እኮ

ይቅር።


ሐሙስ

ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄድኩ። እሺ ብዬ ነበር፣ ቃሌን አላጥፍም።

አዲሱ ቦይለረኛ ወፍራም ሰው ነው፣ ከዚህ በፊት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነበር። ለዚህም ሳይሆን አይቀርም ሰው ሁሉ እየሸሸው ይመስል ያለማቋረጥ የሚያወራው። ቦይለሩ ትንሽና አረንጓዴ ነው፣ የሕፃን መጫወቻ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። መስታወቱን አየሁ፣ ውሃው በልኩ ነበር። ማቃጠያውን አየሁ። ሁሉም ደህና ነው። አጥቢዎቹ ማሽኖቹን ሞልተው እየሠሩ ነበር፣ ካውያና ጓደኞቿ ከወዲያኛው ክፍል ሲሳሳቁ ይሰማል።

ሰውየው ክንዴን ይዞ ወደ ግድግዳው ወሰደኝ። ጋሼ፣ ይህን ይዩልን አለ።

አዲሱ ቀይ ቁልፍ። በላዩ ላይ ክዳኑ።

ግድግዳው ሲፈርስ ከፍርስራሹ መሐል ሴቶቹ ናቸው አሉ ያወጡት። በአመድ ፈትገው ፈትገው ጥቁሩን አስለቅቀውታል። ምስማሩም አዲስ ነው። "ለእርስዎ መታሰቢያ ነው" አለኝ ሰውየው። "እዚህ ስሙ የጋሼ ክዳን ነው። እኔንም የመጀመሪያ ቀን ይቺን እንዳትነካ ነው ያሉኝ።"

እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ነገር በሕይወቴ አላየሁም። ፊቴ ይታይበት ነበር።

ጉጠት አምጣ አልኩት። ምስማሩን ነቀልኩ፣ ክዳኑን ኪሴ ከተትኩት። ሰውየው ማውራቱን አቆመ።

"አሁን እሳቱን አጥፋ።"

"ምን ሆኖ ነው ጋሼ?"

"ምንም አልሆነም።"

"ማሽኖቹ እኮ ሙሉ ናቸው። ሴቶቹ ይበሉኛል።"

"ይብሉህ። አጥፋ።"

እጁን ወደ ቁልፉ ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። ያንን አተያይ አውቀዋለሁ። ቁልፉን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው፣ ከፊቴ ላይ አንድ ነገር እየፈለገ። እኔም ፊቴን ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም፣ ይህ ፊት ሌላ ነገር አልለመደም።

ስለዚህ እኔ ተጫንኩት።

እሳት በድንገት ሲጠፋ ድምፅ አለው። ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ቆሜ ያንን ድምፅ አላውቀውም ነበር። አንዲት ትንፋሽ ናት። ሰው ሸክም አውርዶ ሲቀመጥ እንደሚተነፍሳት። ከዚያ ጸጥታ። ሌላ ምንም የለውም። ይኸው ነው።

የእንፋሎቱ ፉጨት እየሳሳ ሄዶ ቆመ። ካውያ ከወዲያ ሆና "እሳቱን የትኛው ጅል ነው ያጠፋው?" ብላ ጮኸች። እኔ ነኝ አልኩ። አልሰማችኝ ይሆናል ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ደገምኩላት። ሴቶቹ ሁሉ ቀና አሉ። ካውያ አንሶላውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ አንዲት ቃል ሳትናገር ቀረች። እሷን ዝም ሲያሰኛት ያየሁት ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። ምን ተፈጠረ አለ። እሳት ማጥፋት እያስተማርኩ ነው አልኩት። የሆቴሉ አንሶላ እኮ ዛሬ መድረስ አለበት አለ።

"ይደር" አልኩት።

ሰውየው ራሱ አስነስቶ ራሱ እንዲያጠፋው አደረግኩ። ደጋግሜ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ ያይ ነበር፣ አልከለከለኝም፣ ቢከለክለኝም አልሰማውም። ሰውየው መጨረሻ ላይ እኔን ማየት ትቶ መስታወቱን ብቻ እያየ ተጫነው። ያኔ በቃህ አልኩት።

አንሶላው ሳይደርቅ አደረ።


ያው ሐሙስ

ቤት ስገባ ልጄ መስኮቱ ጋ ተቀምጦ ነበር። ከአልጋው ራሱ ነው የተነሣው፣ ምራቴ አላነሣችውም።

"ፉጨቱ ቆመ" አለኝ።

"አዎ።"

"ማን አጠፋው?"

"እኔ።"

"ምን ሆኖ?"

"ምንም ሳይሆን።"

ወደ ውጭ ማየቱን ቀጠለ። ክዳኑን ከኪሴ አውጥቼ ምን እንደማደርገው ሳላውቅ ቆምኩ። ምራቴ ከእጄ ወሰደችው። አገላብጣ አየችውና ያጠረው የወንበር እግር ስር አስገባችው። ወንበሩ ቀጥ አለ። ይህች ልጅ ብዙ አታወራም።

ተቀመጥኩበት።

ሌላም ነገር ልለው አስቤ ነበር። መንገድ ላይ ስመጣ አዘጋጅቼው ነበር፣ ሁለት መንገድ ሙሉ። አልወጣም።

ልጄ እጁን ከጭኑ ላይ አንሥቶ ትራሱ ላይ አደረገው። ቅባቱን ፈለግኩ። ምራቴ አንሥታው ነበር፣ አቀበለችኝ። ከአውራ ጣቱ ጀመርኩ።


ማክሰኞ

ነርሷ መጣች። ሦስቱ ይዘረጋሉ አለች፣ ከሠራችሁ። ትንሿና ቀጥላ ያለችው አልፈዋል። ያቺ የተዋትናት ሳምንት ወሰደቻቸው። ቢቀደድ ቢሰፋ ከዚህ በላይ አይመጡም፣ እንደተጨበጡ ይቀራሉ። በደንብ ጠየቅኳት። ቁርጡን ነገረችኝ።

ከሄደች በኋላ እጁን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀስ፣ ቀስ እያልኩ ሦስቱን ዘረጋሁ። ወደ ሁለቱ ስደርስ ከልማድ ጎተትኳቸው። አልመጡም። ደግሜ ጎተትኳቸው።

"ተዋቸው አባባ" አለኝ። "ቁልፍ ለመጫን አንድ ጣት ይበቃል።"

ሳቀ። በዚያ በተሳበ ከንፈሩ። እውነተኛ ሳቅ ነበር፣ ክፋት አልነበረውም፣ ለዚህ ነው ልቋቋመው ያልቻልኩት።

እኔ አልሳቅኩም። እጁንም አልለቀቅኩም።